ፒያሳ ነኝ

«ብቅ ብለን እንሄዳለን» የሚለውን አባባል የፈጠረው ሰው በሕይወት ካለ እባካችሁ አገናኙኝ። ሁለት ቃል ላናግረው እፈልጋለሁ። እኔ እስከ ዛሬ ብቅ የሚል እንግዳ እንጂ የሚሄድ እንግዳ አላየሁም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የምንኖረው ሮም ዳርቻ፣ ሮማኒና አካባቢ ነው። እኔ መሀል ከተማ የአንድ ኮንዶሚኒዮ ፖርቲዬሬ ነኝ፤ በእኛ ቋንቋ በረኛ ማለት ነው፣ ባለቤቴ አስቴር ግን ለዘመድ ስታወራ «የሕንጻ ኃላፊ» ትለኛለች። እሷ ደግሞ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ትንከባከባለች። ልጃችን ሊዲያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ደስ ሲላት አማርኛ ትናገራለች፣ ሲከፋት ጣሊያንኛ፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው ባመዛኙ ጣሊያንኛ ነው።

እዚህ አገር ነሐሴ በጋ ነው። የሮም ሰው ከተማውን ለቱሪስትና ለእኛ ትቶ ባሕር ይወርዳል። እኛ ባሕር የምናየው ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ነበር። ወይ የአስቴር ሲኞራ ትታመማለች፣ ወይ የእኔ ሕንጻ ቧንቧ ይፈነዳል። ዘንድሮ ግን ሲኞራዋን ልጆቿ ወደ ተራራ ወሰዷት፣ ቧንቧውም አደብ ገዛ፣ ሦስታችንም አንድ ላይ ዕረፍት አገኘን። ሊዲያም ቁርጡን ነግራናለች፦ «ከርሞ ከጓደኞቼ ጋር ነው የምሄደው። ከእናንተ ጋር የመጨረሻዬ ነው።» የመጀመሪያችንም የመጨረሻችንም ይኸው በጋ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ላይ የምሠራበት ሕንጻ ውስጥ የሚኖሩ ሲኞር ፍራንኮ የሚባሉ ጡረተኛ ካምፐራቸውን አዋሱኝ። ካምፐር ማለት አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያለው መኪና ነው፤ ሰዉ እየነዳ ሄዶ የደረሰበት ቦታ ይተኛበታል። «ጉልበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ቆሞ ከሚበላሽ ውሰድና ልጅህን አዝናናበት» አሉኝ። እግራቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። አሳባችን እስከ ፑሊያ ድረስ በባሕሩ ዳር ዳር እየነዳን ልንወርድ ነበር።

ታዲያ አስቴር አፏ አላርፍ አላትና ለአዲስ አበባዋ እህቷ ነገረቻት። ለእህቷ ከመንገር ደብረ ዘይት መንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ ማወጅ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የማይሰማ ሰው ይገኛል።

በማግስቱ እትዬ ብርቄ ደወሉ። እትዬ ብርቄ የአስቴር አባት እህት ናቸው። ካናዳ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ በሮም በኩል ሊያልፉ ነው። «አላስቸግራችሁም፤ ብቅ ብዬ ዓይናችሁን አይቼ ልሂድ» አሉ። በዚያው ሳምንት ደግሞ ጋሼ ተፈሪ ከስቶክሆልም ደወሉልኝ። ጋሼ ተፈሪ የአባቴ የክርስትና ልጅ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ አገር የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። «ሆቴል ልይዝ ነበር» አሉኝ፣ «ግን አንተ እያለህ ሆቴል ብገባ የአባትህ አጥንት ይወቅሰኛል።»

«እምቢ በያቸው» አልኳት አስቴርን።

«አንተ በላቸው።»

«ያንቺ አክስት አይደሉም እንዴ?»

«ጋሼ ተፈሪስ የማን ናቸው?»

ለዘመድ እምቢ ማለት የሚችል ኢትዮጵያዊ ካያችሁ ወረቀቱን መርምሩ፤ የሌላ አገር ሰው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አቀናጀን። ሁለቱንም በአንድ ቀን ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ እንቀበልና በካምፐሩ ይዘናቸው ቅርብ ወደሆነው ባሕር፣ ወደ ሳንታ ማሪኔላ እንሄዳለን። የእትዬ ብርቄ አውሮፕላን ከጥቂት ቀን በኋላ ስለሆነ ፑሊያ ቀረች። ሊዲያ ይህን ስትሰማ የተናገረችውን ጣሊያንኛ አልጽፈውም።

በቀጠሮው ቀን ከቴርሚኒ አጠገብ ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ካምፐሩን አቆምኩ። የማቆሚያ ቦታ ስላልነበረ ግማሽ አካሉ የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ አረፈ። ይችን አደባባይ ድሮም አልወዳትም። ፖሊስ ወገኖቻችንን እዚያ ይኖሩበት ከነበረ ሕንጻ ያስወጣ ጊዜ፣ ሰዎቹ ከነሻንጣቸው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው አይቻቸዋለሁ። አሁን አልጋ የጫነ መኪና ይዤ እዚያው ስቆም ግራ ቀኜን ደጋግሜ አየሁ።

ጋሼ ተፈሪ በሰዓታቸው ደረሱ። ገና ሳይስሙኝ ካምፐሩን ዞረው ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ነፋስ ይጎድለዋል» አሉ። ከዚያ ሳሙኝ።

አስቴርና ሊዲያ ወዳሉበት ካምፐር ገባ እንዳልን ስልኬ ጮኸ። እትዬ ብርቄ ናቸው።

«ደርሻለሁ ልጄ። አብራኝ የመጣችው ልጅ አውርዳኝ ባቡሯን ልትይዝ ሄደች።»

«እሰይ! የት ነዎት?»

«ፒያሳ።»

«የቱ ፒያሳ?»

«ፒያሳ ነኛ! ስንት ፒያሳ አለ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። አዲስ አበባ ላይ «ፒያሳ ነኝ» ያለ ሰው አገኘሁት ማለት ነው። ሮም ግን አደባባይ ሁሉ ፒያሳ ነው። መንገድ በተገናኘ ቁጥር ፒያሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ባለ ቁጥር ፒያሳ፣ ሦስት መኪና ጎን ለጎን በቆመ ቁጥር ፒያሳ።

«እትዬ፣ ፊት ለፊትዎ ምን ይታያል?»

«ቤተ ክርስቲያን።»

ሮም ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የማይታይበት ቦታ የለም።

«ሌላስ?»

«ፏፏቴ።»

«እሱም በየቦታው ነው። ሌላ የተለየ ነገር የለም?»

«ሐውልት አለ። ሰዎች ናቸው፣ ከዓሣ ጋር ይታገላሉ። የለበሱትን ልነግርህ አልችልም፣ ምክንያቱም አልለበሱም። ልጄ፣ ፍልሰታ ነው፣ ጾም ነው፤ ደግመህ እይ አትበለኝ።»

በዚህ መሀል ቪጂሌው፣ የከተማው ትራፊክ ማለት ነው፣ መስኮቴን አንኳኳ፤ ስልኩን ለአስቴር አቀበልኳት። «ሲኞሬ፣ ይህ የአውቶቡስ ፌርማታ ነው!» አለኝ። «አንድ ደቂቃ፣ አክስቴ ጠፍተው ነው» ልለው አፌን ስከፍት ጋሼ ተፈሪ ዘለው ወረዱ። ደስ አለኝ፤ ሊሟገቱልኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን የትራፊኩን እጅ ጨበጡና አንዳንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴ በስዊድንኛ፣ እጃቸውን ወደኔ እየጠቆሙ ማስረዳት ያዙ። በኋላ እንደነገሩኝ ያሉት፣ «ልክ ነህ ወንድሜ፤ ሥራዬን ሲያስመርሩኝ የኖሩት እንደሱ ያሉ ሰዎች ናቸው» ነው። የተቀበልኩት እንግዳ፣ ያውም የአባቴ የክርስትና ልጅ!

ተባረርን። አደባባዩን ስዞር፣ ስዞር፣ ሊዲያ ስልኩን ከእናቷ ነጠቀችና፣ «እትዬ፣ ምን ይሸትዎታል?» አለቻቸው።

«ቅመም። እዚህ ማዶ ገበያ ገብቼ ዝንጅብል ገዛሁ። ኮረሪማም አላቸው፣ ግን አሮጌ ነው።»

«ቪቶሪዮ!» ብላ ጮኸች ሊዲያ። «ፒያሳ ቪቶሪዮ ናት!»

እውነትም እትዬ ብርቄ ፒያሳ ቪቶሪዮ፣ ከሕንጻዎቹ በረንዳ ሥር ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የጠፋው ሰው እኔ የሆንኩ ይመስል በትዝብት ይመለከቱኛል። ተሳሳምን። ሻንጣቸውን ተሸክሜ የካምፐሩን በር ከፈትኩላቸው። ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገብተው አልጋውን፣ ምድጃውን፣ ሽንት ቤቱን አዩ።

«ቤታችሁ ይህ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አሁን ቤታችን ይህ ነው» አለች ሊዲያ እየሳቀች።

እኔ ደግሞ በትሕትና፣ «የራሳችን እንኳ አይደለም እትዬ። አንድ ደግ ሽማግሌ አውሰውን ነው» አልኩ። እትዬ ብርቄ አማተቡ።

ገቡ። እንግዲህ ያደግንበት ነውና ሁላችንም «ኖር!» ብለን ብድግ አልን። የካምፐር ጣሪያ ግን የተሠራው ለአክስት ለማይነሣ ሕዝብ ነው። እኔ አናቴን ከሳጥኑ ጋር፣ ጋሼ ተፈሪ ከመብራቱ ጋር አጋጨን። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ወጥተው በገቡ ቁጥር ያ ሁሉ ሰው «ኖር!» ይልና ጓ! ይላል። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» ይላሉ እሳቸው፤ ግን የሚሉት ሁልጊዜ ከተጋጨን በኋላ ነው።

ልንነሣ ስንል ጋሼ ተፈሪ ቀበቶ ቆጠሩ። የካምፐሩ ቀበቶ አራት ነው፤ እኛ አምስት ነን።

«በሕግ አምላክ» አሉኝ። «አንድ ሰው ይውረድ።»

ማን ይውረድ? እትዬ ብርቄን ማውረድ አይቻልም። አስቴር አክስቷን ትታ አትሄድም። ሊዲያ ልጅ ናት። «እንግዲህ እንደዚህ ያለ መኪና ልምድ ይፈልጋል» ብለው ጋሼ ተፈሪ መሪው ጋ ተቀመጡ። እኔ አልጨርሰውም፣ እናንተ ጨርሱት። አዎ። የለመንኩት እኔ፣ የተዋስኩት እኔ፣ ጋዙን የሞላሁት እኔ፤ ውስጥ ቦታ ያልበቃቸውን ሁለት ተጣጣፊ ወንበሮች ተሸክሜ ወደ ቴርሚኒ በእግሬ ያዘገምኩትም እኔ። አስቴር በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ። እትዬ ብርቄ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «ያዘኑልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው» ብዬ ልቤ ተነካ። ስንት ዓይነት ሞኝ አለ መሰላችሁ!

ሳንታ ማሪኔላ ከነሱ ቀድሜ ደረስኩ። ጋሼ ተፈሪ መንገዱን ሙሉ እንደ ከተማ አውቶቡስ ነው የነዱት፤ ፌርማታ ባዩ ቁጥር ፍሬን ያዝ ያደርጉ ነበር አሉ። እኔ ባቡር ጣቢያው በር ላይ በተጣጣፊ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ አንዲት ፈረንጅ ሳንቲም ልትሰጠኝ ቦርሳዋን ፈታተሸች።

ባሕሩስ? ባሕሩ አለ፤ ውሸት አልናገርም፣ የሚያምር ነው። እኔ ግን ያየሁት በጎን ነው። እትዬ ብርቄ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፤ እሳቸው ሳይቀምሱ ደግሞ እሳቸው ፊት ማን ደፍሮ ይበላል? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በዚያች የአሻንጉሊት ምድጃ ሽሮ ይሠራል። ጎረቤት ካምፐር ውስጥ ያሉ ጣሊያኖች አንድ ቀን ሽታው የምን እንደሆነ ጠየቁኝና፣ ቀመሱና፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሳህን ይዘው ይመጡ ጀመር። እነሱንም «ኖር» እያልን ተጋጨንላቸው። መኝታ የተደለደለው ደግሞ እንዲህ ነው፦ ትልቁ አልጋ ለአክስትና ለአስቴር፣ ከሾፌሩ በላይ ያለው ለሊዲያ፣ ጠረጴዛው ተዘርግቶ ለጋሼ ተፈሪ። ለእኔ ከካምፐሩ ውጭ፣ ከሸራው ሥር፣ ያ የተሸከምኩት ወንበር።

እትዬ ብርቄ ማለዳ ለጸሎት ሲወጡ ወንበሬ ላይ ተጠቅልዬ ያገኙኛል። «አይዞህ ልጄ» ይሉኛል። «እሱ ያውቃል።» ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ወደ ባሕሩ ዳር ራቅ ይላሉ።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ግርማ ከአዲስ አበባ ደወለ። ድምፁ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነው።

«ወንድሜ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ምኑን?»

«ተወው፤ ሁሉን ሰምተናል። እትዬ ብርቄ ለአስቴር እህት ነግረዋታል። መኪና ውስጥ ነው የምትኖሩት አሉ።»

«አሁን አዎ፣ ግን…»

«መኪናውም የሰው ነው አሉ።»

«ነው፣ ግን ግርማ…»

«ለሁላችሁ ስለማይበቃ አንተ ከኋላ በባቡር ነው የምትከተላቸው፤ የምታድረውም ሜዳ ላይ ወንበር ላይ ነው አሉ።»

«እሱ እውነት ነው፣ ግን አንዴ ስማኝ…»

«ፖሊስም ካቆማችሁበት እንደሚያባርራችሁ ጋሼ ተፈሪ አጫውተዋቸዋል አሉ።» ከጀርባው የእናቴ ሲቃ ይሰማኛል። ለማርያም ተስላለች። ግርማ፣ «ሰርቪሷን ቀለም እያስቀባሁልህ ነው» አለኝ። «ኑ። አገር እያለ ሰው መኪና ውስጥ አያረጅም።»

ንዴቴን እንዴት ልግለጽላችሁ! ውሸት ቢሆን አስተባብል ነበር። እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። በእውነት ተገንብቶ እንደዚህ የቆመ ውሸት በሕይወቴ አላየሁም። ስንት ዓመት ሙሉ ሮም ላይ ኪራይ ሳላዛንፍ፣ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለት ነው፣ ሳላሳልፍ፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የኖርኩ ሰውዬ በሦስት ቀን ውስጥ ያደግኩበት ካዛንቺስ ሙሉ አለቀሰልኝ!

ወደ እትዬ ብርቄ ሄድኩ። ከሊዲያ ጋር ውሃው ዳር ቆመው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እግራቸውን እየነከሩ ይስቃሉ።

«እትዬ፣ እኛ እኮ ቤት አለን!»

ሳቃቸውን አቁመው በርኅራኄ አዩኝ። «አውቃለሁ ልጄ። የሁላችንም ቤት በሰማይ ነው።»

«በሰማይ አይደለም! ሮማኒና ነው! አራተኛ ፎቅ!»

«እሺ» አሉኝ፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው።

አስቴር ስነግራት አሸዋው ላይ ተንከባላ ሳቀች። ጋሼ ተፈሪ፣ «እኔም ገርሞኝ ነበር» አሉ። «ግን ሰው ችግሩን ካላወራህ አትጠይቀውም።» ማንም የተናደደልኝ የለም። እናም ወሰንኩ፦ እትዬ ብርቄ ካናዳ ከመሄዳቸው በፊት ቤቴን በዓይናቸው ያያሉ።

የሚበሩበት ቀን ደረሰ። ጋሼ ተፈሪ ካምፐሩ እንዳይንቀሳቀስ ወሰኑ፤ ቦታው ይያዝብናል አሉ። ሊዲያም «ባባ፣ ቲ ፕሬጎ፣ እባክህ፣ አንድ ቀን እንኳ አትውሰድብኝ» አለችኝ። ስለዚህ እነሱ ባሕር ላይ ቀሩ፣ እኔና እትዬ ብርቄ በባቡር፣ ከባቡር በአውቶቡስ፣ ላቤ ጠብ እያለ ሻንጣቸውን እየጎተትኩ ሮማኒና ገባን። ሊፍቱ ተበላሽቷል። አራት ፎቅ ወጣን። ቁልፌን በኩራት አወጣሁና በሩን ወለል አደረግኩት።

«ይኸው ቤታችን!»

እትዬ ብርቄ ገቡ። ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ቤቱን እንዴት ትቶ እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ሶፋው አንሶላ ለብሷል። መብራቱ ከቆጣሪው ተዘግቷል። ማቀዝቀዣው ባዶ ነው፣ በሩ እንዳይሸት ተከፍቷል። ቁም ሳጥኑን ከፈቱት፤ ልብሱ ሁሉ ባሕር ዳር ነው።

«የማን ቤት ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«የኛ ነዋ! ይኸው የሠርጋችን ፎቶ!»

ፎቶውን ቀረብ ብለው አዩት። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። «ልጄ፣ እኔ እናትህ ነኝ። እኔ ፊት ምን አሳፈረህ? ፎቶ እስከ መስቀል ድረስ ለምን ተቸገርክ?»

መልስ ልሰጥ አፌን ስከፍት በሩ ላይ ቁልፍ ተንቃጨለ። ከእኛ ሥር ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሲኞራ ማሪዛ ናቸው፤ አበባ ውሃ እንዲያጠጡልን ቁልፍ ትተንላቸው ነበር። በራሳቸው ቁልፍ ከፍተው፣ በራሳቸው ነጠላ ጫማ ሰተት ብለው ገቡ። እትዬ ብርቄ ፊቴን ለቀው እጅ ነሡ።

«ባለቤቷ መጣች» አሉኝ በሹክሹክታ። «ተርጉምልኝ። ‹ለልጆቼ ስላዘንሽላቸው እግዜር ይስጥሽ› በላት።»

ምን ላድርግ? ለሲኞራ ማሪዛ፣ «ስለ ደግነትዎ ያመሰግኑዎታል» አልኳቸው። ሲኞራ ማሪዛ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምን አደረግኩና! እነሱ ልጆቼ ናቸው፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ በሬ ክፍት ነው በሏቸው» አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ፤ ሐሰተኛ አስተርጓሚ መሆን አልችልም።

«ሰማህ?» አሉ እትዬ ብርቄ ወደኔ ዞረው። «በሯ ክፍት ነው አለች! ይህን የመሰለ ደግ ሰው እያለ ሚስትህንና ልጅህን መኪና ውስጥ የምታሳድረው ምን ዓይነት ኩራት ይዞህ ነው?» ከሻንጣቸው ለካናዳ የያዙትን በርበሬ አወጡና ለሲኞራ ማሪዛ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። ሁለቱ ሴቶች ተቃቀፉ። ሲኞራ ማሪዛ በጣሊያንኛ፣ እትዬ ብርቄ በአማርኛ፣ ያለ እኔ እየተግባቡ ስለኔ አወሩ።

የአውሮፕላኑ ሰዓት ደረሰና ሻንጣውን አነሣሁ። እትዬ ብርቄ ግን በሩ ላይ ቆመው ወለሉን አዩ። ጫማዬ ከባሕር ያመጣውን አሸዋ ከሳሎኑ ጫፍ እስከ ጫፍ በትኖታል።

«የሰው ቤት አቆሽሸን አንሄድም» አሉኝ።

መጥረጊያችን ካምፐሩ ውስጥ ነው። ሲኞራ ማሪዛ ሮጥ ብለው ከቤታቸው አመጡልኝ። እኔም፣ ኪራዩን ከፋዩ፣ የሠርጌ ፎቶ ከግድግዳው ላይ እያየኝ፣ ጎንበስ ብዬ ጠረግኩ።

«ከሶፋውም ሥር» አሉ እትዬ ብርቄ።

ከሶፋውም ሥር ጠረግኩ።